በራስሽ ሞክሪው

ሴት ልጅ ዕድሜዋን ብትደብቅ ማን ይጎዳል? እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት። ሠላሳ ሦስት ላይ ቆሜ ስምንት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላልኩም። አቃቂ በሰቃ ውስጥ አብረውኝ ፊደል የቆጠሩት ሁሉ ሲሸብቱ እኔ ብዙወርቅ ያው ሠላሳ ሦስት ነበርኩ። ምን ይደረግ! ባሌን ፈትቻለሁ፣ ልጅ አልወለድኩም፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ታይፒስት ነኝ። ጥፍሬን እቀባለሁ፣ ፀጉሬን በየአሥራ አምስት ቀኑ በካውያ እተኮሳለሁ፣ ዕድሜዬን እደብቃለሁ። ሌላ ጌጥ አልነበረኝም።

በ1980 ዓ.ም. ፋብሪካችን አንድ ኮምፒውተር ገዛ። ሰው ሁሉ ፈራው። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊያችን አሻግሬ፣ "እጅሽ ፈጣን ነው፣ አንቺ ተማሪው" ብሎ ለሦስት ሳምንት ከተማ ላከኝ። አስተማሪያችን አቶ ወልደገብርኤል ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጠመኔ እጃቸው ላይ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። "ዳታቤዝ ሲባል አትደንግጡ፣ መዝገብ ነው" አሉን። "ሠንጠረዥ አስምሩ። ቁልቁል የሚወርደው ዓምድ ፊልድ ይባላል፤ ለስም አንድ፣ ለአባት ስም አንድ፣ ለልደት ቀን አንድ። አግድም የሚሄደው መስመር ሪከርድ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ መስመር። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ጠይቁት፣ ይመልስላችኋል። ግን እንደ ወፍጮ ነው። ጠጠር የሰጠው ጠጠር ይበላል።" የመጨረሻው ቀን ደግሞ እንዲህ አሉ፦ "የሠራችሁትን ሰው ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት መልሱን በምታውቁት ሰው ሞክሩት። ከማንም አብልጣችሁ የምታውቁት ራሳችሁን ነው። በራሳችሁ ሞክሩት።" ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት። ደብተሩ ዛሬም አለ። እሳት ውስጥ ልከተው እላለሁ፣ እጄ እምቢ ይለኛል።

ተመልሼ ሳምንት ሳይሞላኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሳህሌ አንድ ጆንያ ሙሉ ቅጽ አሸክሞ ቢሮ ድረስ መጣ። በቀጠናችን ያሉ የወጣቶች ማኅበር አባላት፣ ከአሥራ አራት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉ ወንዶች ሁሉ የሞሉት ቅጽ ነው። "ለብሔራዊ ውትድርና ከአሥራ ስምንት ጀምሮ ያሉትን ማሽኑ ለይቶ ያውጣልን። ከእንግዲህ በግምት መሥራት ቀረ" አለ። አሻግሬ እሺ አለ። ማን ጓድ ሳህሌን እምቢ ይላል!

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ከዚያ በፊት እንዴት እንደነበር ያየ ያውቀዋል። አብዮት ጥበቃዎቹ ገበያ መሀል ገብተው ያገኙትን ያፍሳሉ። ዘመድ ያለው ልጁን ያስወጣል፣ የሌለው አልቅሶ ይቀራል። አሁን ግን ማሽን መጣ። ማሽን የአክስት ልጅ የለውም፣ ሙክት አይቀበልም። አሥራ ሰባት የሆነውን አሥራ ሰባት ነው የሚለው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይል ነበር፣ እናቶች መንገድ ላይ አስቁመው ይመርቁኛል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ።

መቶ አርባ ሦስቱን ቅጽ በሦስት ሳምንት አስገባሁ። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምጽፈው። እሱስ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ልደቱ ነው። ጳጉሜ የተወለደውን አልቀበልም አለ፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም ብሎ ጢጥ ጢጥ እያለ ጮኸብኝ። ጥቅምት ሠላሳ የተወለደውንም፣ ሁለተኛው ወር ሠላሳ ቀን የለውም ብሎ እምቢ አለ። "አንተ የፈረንጅ ግትር!" አልኩና የጳጉሜዎቹን ወደ ነሐሴ መልሼ፣ የጥቅምት ሠላሳውን ጥቅምት ሃያ ስምንት አድርጌ አለፍኩ። አንድ ሁለት ቀን ቢዛነፍ ምን አለበት? ማሽኑ በየቀኑ ይነግረኝ ነበር። እኔ የሰማሁት ጩኸቱን ብቻ ነው።

ሥራው ያለቀ ቀን አሻግሬና ሁለት የክፍላችን ሠራተኞች ጀርባዬ ላይ ተኮለኮሉ። አሻግሬ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሻይ ይጋብዘኛል፣ ካፖርቴን ያነሣልኛል። ጥፍሬን ለማን የምቀባ መሰላችሁ? "እስቲ በራስሽ ሞክሪውና ዕድሜሽን ይንገረን" አለ እየሳቀ።

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ጥር 1939 ብዬ ልጻፍ? አርባ አንድ የሚል ቁጥር በዚያ አረንጓዴ ብርሃን እነዚህ ሁሉ ፊት ቦግ ይበል? ሞቼ ነው ቆሜ! "ኤዲያ፣ ማሽን ለቁም ነገር ነው የተገዛው" አልኩና በሌላ ሞከርኩት። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ያሉት ስንት ናቸው አልኩት። ትንሽ አሰበና ሰማንያ አንድ አለ። "ጉድ ነው!" ብለው አጨበጨቡልኝ። ሙከራዬ ይሄው ነበር። መልሱን በማላውቀው ጥያቄ ሞክሬ፣ ልክ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ኡምሀኒ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። የወሎ ሰው ነች። ባሏ ደርዊሽ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ አሰብ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። የቀራት አንድ ልጇ ሙሀመድአወል ነው። ሲወለድ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን 1963፣ የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ወደ ሐኪም ቤት የሚያሻግር ጠፍቶ፣ እትብቱ ሲቆረጥ ፋኖስ ይዤ ቆሜያለሁ። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ለማትሪክ ይዘጋጃል። የእነሱ ቤት ጠባብ ስለሆነ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚያጠናው። "እትዬ ብዙ" ይለኛል፤ "እርስዎ" እንዳይለኝ ከልጅነቱ ነው የከለከልኩት፣ ያስረጀኛል ብዬ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢም የሚባል ያልበቀለው ልጅ ነበር።

መጋቢት ላይ አንድ ሰኞ ከሥራ ስመለስ ኡምሀኒ ደጃፌ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ብዙዬ፣ ወንድሜ ሙሀመድሰዒድ ነገ ማለዳ መኪናውን ይዞ ወደ ባቲ ይወጣል። ልጁን ከሱ ጋር ልስደደው? እዚያ የአባቱ ዘመዶች አሉ፣ የውትድርናው ነገር እስኪበርድ ይደብቁልኛል። ማሽኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ። በአላህ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

"ፈተናውስ?"

"ፈተናው ይቅር። ልጄ ይትረፍልኝ እንጂ።"

ሳቅኩባት። አዎ፣ ሳቅኩባት። "አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ ገና አሥራ ሰባት አልሞላውም! ልደቱን ያስገባሁት እኔ፣ በእነዚህ ጣቶቼ። ከአሥራ ስምንት በታች ያለውን ማሽኑ አይነካውም። ይልቅ ፈተናውን አስጥለሽ ባቲ ስትሰጂው ነው ሸሸ ተብሎ የሚፈለገው። ይቀመጥና ያጥና።"

"ትምያለሽ?"

"በእናቴ አጥንት!"

እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። ሙሀመድሰዒድ ማክሰኞ ማለዳ ብቻውን ወጣ። መኪናው በደጃችን ሲያልፍ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት፣ ገልበጥ ብዬም ተኛሁ።

ሐሙስ ጓድ ሳህሌ ሁለት የታጠቁ አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ስምና የቤት ቁጥር ብቻ ይውጣ አለ። "ሚስጥር ነው። ቁልፉን ተጫኚና ዞር በዪ።" ፕሪንተሩ እየተንጫጫ ወረቀቱን ሲያወጣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቆምኩ። ራሱ ቀደደው፣ ጠቅልሎም ብብቱ ውስጥ ከተተው። ዞር ብዬ አንዴ ባይ ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን ተቃጥያለሁ።

ቅዳሜ በየቤቱ ወረቀት ታደለ። እሑድ ጠዋት ለስብሰባ ቀበሌ አዳራሽ ይቅረቡ ይላል። ለሙሀመድአወልም ደረሰው። ኡምሀኒ ሻሿን እንኳ ሳታስር እየሮጠች መጣች። እኔ ደግሞ ምን አልኳት? "የማኅበሩ ስብሰባ ይሆናል። እሱ እንደሆነ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቢሄድ ነው የሚሻለው፣ የቀረ ነው የሚጠረጠረው።" ምላሴ ይቆረጥ! ምነው ያን ቀን አፌ በተዘጋ! ልጁም አመነኝ። የመፈተኛ ካርዱን በሸሚዝ ኪሱ ያዘ፣ ምናልባት ዕድሜዬን ቢጠይቁኝ አሳያለሁ ብሎ። "እትዬ ብዙ፣ የሒሳብ ደብተሬን ጠረጴዛሽ ላይ ከፍቼ ትቼዋለሁ። እንዳትዘጊብኝ፣ እስከ ምሳ እመለሳለሁ" አለኝና ወጣ።

ከገቡ በኋላ የአዳራሹ በር ተቆለፈ። በጓሮ በኩል ሦስት የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። እናቶቹ በር በሩን ሲደበድቡ እኔም ከኡምሀኒ ጋር እደበድብ ነበር። "ስሕተት ነው፣ የእኛ ልጅ አይደለም!" እላለሁ። መኪናዎቹ በደብረ ዘይት መንገድ ሲሄዱ ሸራቸው ተወጥሮ ታስሯል፣ ማን የት እንዳለ አይታይም። ኡምሀኒ "አወሌ! አወሌ!" እያለች ከኋላቸው ሮጠች፤ ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ሰኞ ከማንም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ስሙ ከየት መጣ? ማን አስገባው? ማሽኑን አበራሁት። እሱ ሲበራ ሁልጊዜ መጀመሪያ የዛሬን ቀን ይጠይቃል። በትምህርቱ የተለማመድነው በፈረንጁ ነው፣ ስለዚህ እንደ ወትሮው ከግድግዳው ካላንደር ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች እያየሁ ጻፍኩ። ወሩን፣ ቀኑን፣ 1988።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረቀ። ወይ አምላኬ! ዛሬን በፈረንጅ፣ ልደታቸውን በእኛ። ማሽኑ ዕድሜ የሚያወጣው አንዱን ከሌላው ቀንሶ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ለእያንዳንዱ ልጅ ጨምሬለታለሁ።

ያን ጊዜ፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ማንም ሳያየኝ፣ በራሴ ሞከርኩት። ጥር 1939። ዕድሜ? አርባ ስምንት አለኝ። አርባ አንድ ዓመቴን! ሙሀመድአወልን ጠየቅሁት። ሃያ አራት።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን አሻግሬ ፊት ራሴን አስገብቼ ቢሆን ኖሮ አርባ ስምንት ሲለኝ ዝም እለዋለሁ? "ውሸታም፣ አርባ አንድ ነኝ!" ብዬ ቤቱን አናጋው ነበር። ነገሩ እዚያው ይያዝ ነበር። የሁለት ደቂቃ ኀፍረት ነው። ይስቁብኝ፣ ሻዩም ይቅር፣ ልጁ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ይሆን ነበር።

ቀኑን አስተካክዬ አዲስ ዝርዝር አወጣሁ። ከተወሰዱት ሰማንያ አንድ ልጆች አርባ ሦስቱ አሥራ ስምንት አልሞላቸውም፤ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው አሉበት። ከሃያ ሁለት በላይ የሆኑት ስልሳ ሁለቱ ደግሞ ሠላሳን አልፈዋል ተብለው ቀርተዋል። ወረቀቱን ይዤ ቀበሌ ድረስ ሮጥኩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሕተት አለ። የእኔ ስሕተት ነው፣ እኔ ልታሰር። ልጆቹን ግን ያስመልሱልኝ፣ ገና ሩቅ አልሄዱም።"

ሳህሌ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እኔስ ዓይን የለኝም?" አለ። "መኪና ላይ ሲወጡ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ግማሾቹ ድምፃቸው እንኳ አልጎረነነም። የታዘዝኩት ሰማንያ ነው፣ ሰማንያ አንድ ልኬ ምስጋና ተጽፎልኛል። አሁን ማሽኑ ተሳሳተ ብዬ ልጻፍ? አርባ ሦስት ሰው ከየት ላምጣ?"

"ሕፃናት ናቸው እኮ!"

"ማሽኑ አይደሉም ብሏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም?" ሳቅ አለና አዲሱን ዝርዝር እንደገና አየው። "ይሄ ግን ጥሩ ሥራ ነው። ስልሳ ሁለቱን ለሚቀጥለው ዙር እጠቀምባቸዋለሁ።" እስክሪብቶ አወጣና አንድ ስም ሰረዘ። የእህቱ ልጅ ስም ነበር።

ወረቀቱን ልነጥቀው እጄን ዘረጋሁ። መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። ሚያዝያ ላይ ስልሳ አንዱ ሄዱ። አርባ ሦስት ላስመልስ ሄጄ ስልሳ አንድ ጨመርኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሷስ ዕቃ ነው የጣለችው።

ለኡምሀኒ አልነገርኳትም። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም። እሷ ደግሞ ማሽኑን ማመኗን አልተወችም፣ እኔ ነኛ ያሳመንኳት። በየሳምንቱ አንድ ነገር ይዛ ትመጣለች፦ የክትባት ካርዱን፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን፣ አንዴም በሦስት ዓመቱ የተነሣውን ፎቶ ከነቀኑ። "ብዙዬ፣ ይሄን አስገቢለትና እንደገና ይየው። አሥራ ሰባት መሆኑን ካወቀ ይለቀዋል" ትለኛለች። "እሺ፣ አስገባዋለሁ" እያልኩ እቀበላታለሁ። አሻግሬ ለሻይ ሲጠራኝ ሥራ አለብኝ ማለት ጀመርኩ። ካውያውንም ተውኩት። የልጁ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ እንደተከፈተ ነው፤ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ አልዘጋውም።

በየካቲት 1981 ከሰፈራችን ከሄዱት አንዱ፣ የብረት ሠራተኛው የሮሪሳ ልጅ፣ አንድ እግሩን ሽሬ ትቶ መጣ። ሙሀመድአወል አጠገቡ እንደወደቀ፣ ጠዋት እንደሆነ፣ ብዙም እንዳልቆየ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። በማግሥቱ ማለዳ ለኡምሀኒ መርዶ ነገሯት። ጩኸቷን የሰማሁት በግድግዳው በኩል ነው። ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ከጎኗ ተቀመጥኩ። የመጣው ሰው ሁሉ "ለሷም ልጇ ነበር" እያለ እኔንም ያጽናናኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር!

ሰደቃው ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ብቻዋን ነበረች፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሙስበሐዋን ትቆጥራለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። የፈረንጁን ቀን፣ የእኛን ቀን፣ ሃያ አራት ማለቱን፣ ሳህሌን፣ ሁለተኛውን ዝርዝር። ካርዶቹንና ፎቶውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ምንጣፉ ላይ አኖርኩላት። አንዱም ማሽኑ ውስጥ አልገባም ነበር።

ጣቷ ሙስበሐው ላይ ቆመ።

"አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም?" አለችኝ።

"ነበረ። በራሴ መሞከር ነበረብኝ። አስተማሪው ነግረውኛል።"

"ታዲያ ለምን አልሞከርሽም?"

"ዕድሜዬ እንዳይታወቅ። ሰዎች ቆመው ነበር። አሻግሬ ቆሞ ነበር።"

ትረግመኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝ እግሯን እስም ነበር።

"ስንት ነው ዕድሜሽ?"

"አርባ ሁለት" አልኳት። ስንት ዓመት ሙሉ አንቆኝ የኖረ ቁጥር እንዲህ በቀላሉ ወጣ።

ኡምሀኒ ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። ግንባሬን፣ የዓይኔን ዙሪያ፣ አንገቴን። ንዴት አልነበረባትም፣ ገርሟት ነው።

"አርባ ሁለት ብቻ?" አለች። "እኛ እኮ ሃምሳ የተጠጋሽ ነበር የሚመስለን። አወልም እንዲያው ነበር የሚለው።"

ከዚያ ፎቶውን አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና በሩን ከፈተችልኝ።